ይጻፍልን፦ በባሕር ዳር ጣቢያዎች ለሚያድሩ ተረኛ ፖሊሶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

እንደምን ሰነበታችሁ፣ ተረኞች።

ይህን ደብዳቤ ለኮሚሽነር ወይም ለኮማንደር ልጽፈው አስቤ ነበር። ተውኩት። እነሱ ጋ በየቀኑ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይገባል፤ የኔው ከሥር ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ የምጽፈው ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ካፖርቱን ደርቦ፣ በሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ፣ ከጣና ሐይቅ የሚመጣውን ትንኝ በእጁ እያባረረ ለሚያድረው ተረኛ ነው። ለአንቺም ነው እህቴ፤ ተረኛዋ አንቺ ከሆንሽ።

ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። አከራያለሁም። ከጊዮርጊስ ብዙም ሳልርቅ፣ ዘንባባ ሥር፣ አንድ ሳጥን መፍቻና አንድ የእጅ ፓምፕ ይዤ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ባሕር ዳር ባጃጅ ሳያጥለቀልቃት በፊት የብስክሌት ከተማ ነበረች፤ ተማሪው፣ መምህሩ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ፣ ብዙው ሰው በብስክሌት ነበር ወጥቶ የሚገባው። ከእናንተም ስንቱ ደንበኛዬ ነው። አንዱ እንዲያውም የሁለት ጎማ ዱቤ አለበት፤ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል።

የመጣሁበት ጉዳይ አንድ ነው። ሰው መጥቶ ሲያመለክት ጻፉለት። በቃ። ቀላል ይመስላል አይደል? እኔም ቀላል ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሰኔ ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ጎረቤቴ ቡና አፍልታ ጠራችኝ፣ አንዱን የኪራይ ብስክሌት ግድግዳው ላይ አስደግፌ ገባሁ። አቦሉን ጠጣሁ። ቶናው ሳይቀዳ ብወጣ ብስክሌቱ የለም፤ ግድግዳው ላይ የጎማው ጭቃ ብቻ ቀርቷል። እስከ ሺምብጥ ድረስ በየመንገዱ ዞርኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ፣ ምንም። ሲመሽ ወደ ጣቢያ ሄድኩ። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አልናገርም። አንድ ልጅ እንጀራውን እንዲያጣ አይደለም የምጽፈው።

ተረኛው ወጣት ነው። ክፉ አይደለም። «ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ» ብሎ አግዳሚውን አሳየኝ። ነገርኩት። እስክሪብቶውን በጣቱ እያዟዟረ እስክጨርስ ሰማኝ።

«ደረሰኝ አለዎት?»

ብስክሌቱን የገዛሁት ጡረታ ከወጡ መምህር ነው። ደረሰኝ ከየት ይመጣል? የለኝም አልኩት።

«የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ይቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ያን ጊዜ መልስ አልመጣልኝም፤ ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል ነው የመጣልኝ። ብስክሌት ጠፋ ብለህ ጻፍ። የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደጠፋ፣ በስንት ሰዓት እንደጠፋ፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ ጻፍ። ማን እንደ ሰረቀው ባውቅማ እዚያ ምን አስኬደኝ?

በዚያ ላይ የዕለት ሁኔታ መዝገቡን የቀኑ ሰው ቆልፎበት ሄዷል ተባለ። «ነገ ጠዋት ይምጡ።» ጠዋት ሄድኩ። የቀኑ ሰው ደግሞ «ማታ ያናገርዎት ነው ጉዳዩን የሚያውቀው» አለኝ። በሦስተኛው ቀን መርማሪው ስብሰባ ላይ ናቸው። በአራተኛው ቀን አልሄድኩም። ሱቅ ዘግቶ አግዳሚ ላይ መዋል ሁለተኛ ብስክሌት እንደ መሰረቅ ነው።

አግዳሚው ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል። በሁለተኛው ቀን አጠገቤ አንዲት የዘጌ ሴትዮ ተቀምጠው ነበር። ቡናቸውን ለነጋዴ በዱቤ ሰጥተው ገንዘቡን የበላባቸው ናቸው። ጠዋት በጀልባ መጥተዋል፣ ጀልባው ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፣ እና በየአምስት ደቂቃው «ስንት ሰዓት ሆነ ልጄ?» ይሉኛል። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ የተሰጣቸው መልስ «እማማ፣ ይሄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ፖሊስን አይመለከትም» የሚል ነበር። ምናልባት ትክክል ነው። የዱቤ ገንዘብ ማስከፈል የፖሊስ ሥራ አይደለም፣ ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ያ የሁለት ጎማ ዱቤ ያለበት ወንድሜም ያውቃል። ግን ወዴት እንደሚሄዱ የነገራቸው የለም። የቱ ፍርድ ቤት፣ ምን ይዘው፣ ማን ያመልክትላቸው፣ ምንም። ሴትዮዋ ወጥተው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደኔ ዞር አሉና በቀስታ «ፍትሐ ብሔር ማን ነው?» አሉኝ።

ሳቅም እንባም ተናነቀኝ። ቢሮ ላለ ሰው «ነገ ይምጡ» ነፃ ቃል ነው። ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት በጀልባ ለመጣ ሰው ግን የመሳፈሪያ ዋጋ ነው፤ ጀልባ ካመለጠው ደግሞ ከተማ ውስጥ ማደሪያ መለመን ነው። ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም ማለትም የእናንተ ሥራ ነው፤ ግን በወጉ ሲባል። በብጣሽ ወረቀት ላይ «እዚህ ይሂዱ» ብሎ ጽፎ መስጠት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ወደ ብስክሌቴ ልመለስ። በአሥራ አንደኛው ቀን ቅዳሜ ገበያ ሄጄ አየሁት። ከሰማያዊ ወደ ጥቁር ተቀብቷል። ኮርቻው ሌላ ነው። ግን ከመሪው ሥር ያለችውን ብየዳ የበየድኩት እኔ ነኝ፤ ጠማማ ብየዳ ናት፣ መብራት እየጠፋ እየመጣ የሠራኋት። የገዛ ልጄን ፊት ያየሁ ያህል ነው የደነገጥኩት። «የኔ ነው» ብዬ ያዝኩት። ሻጩም «የኔ ነው፣ ከገዛሁት ወር ሆኖኛል» ብሎ ያዘ። ሰው ከበበን። በዚያ ሲያልፍ የነበረ ፖሊስ መጣ፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሁለታችንንም አረጋጋና መጀመሪያ የጠየቀኝ ጥያቄ «አመልክተው ነበር?» የሚል ነው።

«ነበር።»

«የት ተመዘገበ?»

ስልክ ደወለ። ጠበቀ። እንደገና ደወለ። እዚያ በኔ ስም የተጻፈ ነገር የለም። ሦስት ቀን የተመላለስኩበት ጣቢያ ውስጥ እኔ አልነበርኩም። እዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው እንዴ?

አስቡት እስቲ። ያን ማታ አንድ መስመር ተጽፎ ቢሆን፣ «ሰማያዊ ብስክሌት፣ ከመሪው ሥር ጠማማ ብየዳ ያለው» የምትል ብቻ፣ ያ ፖሊስ ቅዳሜ ገበያ መሃል ቆሞ ማን እንደሚዋሽ ያውቅ ነበር። ወር ሆኖኛል ያለው ሰውዬም ከአሥራ አንድ ቀን በፊት እኔ ግድግዳ ላይ ያስደገፍኩት ብስክሌት እንዴት እጁ እንደገባ በመለሰ ነበር። አሁን ግን የኔ ቃል አለ፣ የሱ ቃል አለ። ልጁ ምን ያድርግ? «ተስማሙ» አለ። ተስማማን። ሁለት ሺህ ብር ከፍዬ የራሴን ብስክሌት ገዛሁ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላል የአገራችን ሰው። የኔው በቃል ነበር ያለው።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናገር፣ አለበለዚያ ደንበኞቼ ይስቁብኛል። ከፔዳሉ ማዞሪያ በታች፣ ብስክሌቱን ገልብጣችሁ ካያችሁት፣ ፍሬሙ ላይ የተመታ ቁጥር አለ። ብዙ ብስክሌት ላይ አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጭቃ ስጠርግ አየዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ጽፌ አስቀምጬው አላውቅም። ፖሊሱ «ቁጥሩን ያውቁታል?» ቢለኝም መልስ አልነበረኝም። እናንተን «ጻፉ» እያልኩ እኔ አልጻፍኩም። ይሄን እመለስበታለሁ።

የእህቴ ልጅ ሕግ ተምራለች። ታሪኩን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ተናደደች፣ ከዚያ ስልኳን አወጣች። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ከኔ በዕድሜ የሚበልጠው ማለት ነው፣ አንቀጽ 22 ላይ ምን እንደሚል አነበበችልኝ። በኔ አነጋገር ላስቀምጠው፤ ፖሊስ የደረሰው አቤቱታ ወይም ጥቆማ አጠራጣሪ ቢመስለውም እንኳ ምርመራውን መሥራት አለበት ነው የሚለው። ደረሰኝ አምጣ አይልም። ተጠርጣሪህን ይዘህ ና አይልም። በቃል የመጣ አቤቱታ ደግሞ ተጽፎ፣ ለአመልካቹ ተነቦለት፣ ቀን ተጽፎበት ይፈረማል። አንቀጽ 36 ላይ መርማሪው የምርመራ ማስታወሻ እንዲይዝ ታዟል፤ ነገሩ በስንት ሰዓት እንደ ደረሰው፣ መቼ እንደ ጀመረ፣ የት የት እንደሄደ፣ ምን እንዳገኘ፣ በየቀኑ እየጻፈ። ይሄ ሁሉ ሲወጣ በየጣቢያው ኮምፒዩተር የለም። እስክሪብቶና መዝገብ ብቻ ነው የተፈለገው፤ ዛሬም የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ብስክሌት ትንሽ ነገር ነው ትሉኝ ይሆናል። እሺ። ስለ ሰው ልንገራችሁ።

የጎረቤቴ ልጅ ባጃጅ ይነዳል። አንድ ረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ አካባቢ ከሌላ ነጂ ጋር ተጣላ፣ ጡጫ ተሰነዘረ፣ ተያዘ። ልጁ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ተጣልቷል፣ መያዙም ደግ ነው፣ ባይያዝ ኖሮ ነገሩ ወደ ድንጋይ ይሄድ ነበር። እናትየው በፌስታል እንጀራ ቋጥራ ሄደች። ምግቡ ገባ፣ እሷ ግን ልጇን ሳታይ ተመለሰች። ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው ዘመዶቹ እንዲጎበኙት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ላይ ይፈቅዳል፤ እሷ ይህን በምን ታውቃለች? «ዛሬ አይቻልም» ተባለች፣ እሺ ብላ ሄደች።

አሁን ሰዓቱን ልብ በሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው የመንገድ ጊዜ ሳይቆጠር። ከረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት ከተቆጠረ አርብ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ስለዚህ አርብ በሥራ ሰዓት ዳኛ ፊት መቆም ነበረበት። መዝገቡ ላይ ግን ልጁ የተያዘው ሐሙስ ረፋድ አራት ሰዓት ነው። አሥራ አምስት ሰዓት የት ገባ? ያን ሌሊት ልጁ የት ነበር ያደረው፣ ሆቴል? በመዝገቡ አቆጣጠር 48ቱ ሰዓት ቅዳሜ ላይ ወደቀ፣ ቅዳሜ ደግሞ «ሰኞ ነው» ተባለ። ሰኞ ቀረበ፣ ዋስ ጠርቶ ወጣ። አርብ ሊወጣ የሚችል ልጅ ሦስት ቀን ጨመረ። ማንም አልመታውም፣ ማንም ጉቦ አልጠየቀም፤ የሆነው ነገር አንድ ሰው ማታ መጻፍ ያለበትን ጠዋት መጻፉ ብቻ ነው።

የሚገርመኝ ደግሞ ይሄ ነው። ሲፈታ ስልኩን መለሱለት። ለምን ተመለሰ? ስለተጻፈ። ሲገባ «አንድ ቴክኖ ስልክ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ 340 ብር፣ አንድ ቀበቶ» ተብሎ ተመዝግቦ ፈርሞበት ነበር። ስንጥቁ ሳይቀር ተጽፏል! ስልኩ ከልጁ የተሻለ ተመዘገበ። መጻፍ እንደምትችሉበት የማውቀው በዚህ ነው።

ባጃጅ ነጂዎች ስለ ትራፊክ የሚያወሩትን እዚህ አልጨምርም፣ ደብዳቤው መጽሐፍ ይሆናል። ያለ ደረሰኝ የተከፈለ ቅጣት ቅጣት አይደለም ብዬ ብቻ ልለፍ። ነጂዎቹም ቢሆኑ «ያለ ደረሰኝ ይቅለልልኝ» የሚሉት ራሳቸው ናቸው፣ ሁሌ ፖሊስ ብቻ አይደለም የሚያጠፋው።

ከእናንተ አንዱን፣ ጎማውን እየጠገንኩለት፣ ለምን እንደማይጻፍ ጠየቅኩት። ዞር ዞር ብሎ አየና እውነቱን ነገረኝ። የተመዘገበ ሁሉ ፋይል ይሆናል አለ። ፋይል የሆነ ሁሉ ይጠየቅበታል። በግምገማ ጊዜ «ይሄን ያህል ተመዝግቦ ይሄን ያህል ብቻ ተገኘ» ይባላል። ወንጀል ጨመረም ይባላል። ስለዚህ ተስፋ የሌለው ነገር፣ ደረሰኝም ተጠርጣሪም የሌለው እንደኔ ዓይነቱ፣ በር ላይ ቢመለስ ለሁሉም ይቀላል።

ገባኝ። ግን ይሄ እኮ እኔ ያልጠገንኩት ብስክሌት እንዳይቆጠርብኝ ደንበኛውን ከደጅ እንደ መመለስ ነው። ሱቄ ንጹሕ ይሆናል፣ ከተማው ግን በተበላሸ ብስክሌት ይሞላል። ለሥራችሁም ቢሆን አይበጅም። ከዚያ ወዲህ ብስክሌት የተሰረቀበት ደንበኛ ሲመጣ የት፣ መቼ እያልኩ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ የሚነግሩኝ ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ሲመሽ፣ ዝናብ ሲይዝ፣ ሰው በየበረንዳው ሲጠለል። ይሄ የአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ወሬ ነው። መዝገብ ላይ ቢሆን ግን የማታ ጥበቃው የት መቆም እንዳለበት፣ በስንት ሰዓት መዞር እንዳለበት ይናገር ነበር። እየተነሣችሁ በየመንገዱ የምትዞሩት በግምት ከሆነ ሌባው ከእናንተ የተሻለ መረጃ አለው ማለት ነው። እና የበላይ አለቃ ይህን ደብዳቤ ድንገት ካየ፣ ለእሱ ያለኝ ነገር ይቺ ብቻ ናት፦ የጻፈውን ተረኛ ስለጻፈ አትገምግሙት።

ሥራችሁ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። እኔ መንገድ ዳር ነው የምውለው፣ አያችኋለሁ። ጠዋት ተማሪ ታሻግራላችሁ፣ ረፋድ ላይ ባጃጅና ብስክሌት ተጋጭቶ ደም ትጠርጋላችሁ፣ የፈተና ወረቀት ታጅባላችሁ፣ ማታ ሰክሮ ሚስቱን የሚያሳድድ ሰው በሩ ላይ ትይዛላችሁ፣ ሐይቁ ሰው ሲወስድ አስከሬን እስኪወጣ ዳር ላይ ከቤተሰቡ ጋር ትቆማላችሁ። ደሞዛችሁን አውቃለሁ፤ ለጎማ ዱቤ የሚጠይቅ ሰው ደሞዝ ነው። ጊዜው ደግሞ ዩኒፎርም ለብሶ ከቤት መውጣት ራሱ ከባድ የሆነበት ጊዜ ነው። ሚስቶቻችሁ እስክትገቡ እንደማይተኙም አውቃለሁ። ለዚህም ነው ትልቅ ነገር ያልጠየቅኩት።

ደግሞ በትክክል ሲሠራ አይቻለሁ። ይሄን ሳልጽፍ ብቀር ግፍ ነው።

የከተራ ዕለት ነው። የእህቴን የልጅ ልጅ ይዘን ታቦት ለመሸኘት ወጣን። ሕዝቡን ታውቁታላችሁ፣ መርፌ ቢወረወር መሬት አይደርስም። እጇን ለቅጽበት ለቀቅኳት፤ ነጠላዬን ላስተካክል ብዬ። ስዞር የለችም። አምስት ዓመቷ ነው። እህቴ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እግሯ ከዳት። እኔ የምሄድበት ጠፍቶኝ ወዲያ ወዲህ ስል አንድ የሰንበት ተማሪ «የጠፋ ልጅ እዚያ ጋ ነው» ብሎ ወደ አንድ ዛፍ ጠቆመኝ።

ዛፉ ሥር አንዲት ምክትል ሳጅን፣ አንድ የተማሪ ደብተር፣ አራት የሚያለቅሱ ልጆች። የኛዋ ከአራቱ አንዷ ናት፣ ሸንኮራ አገዳ ይዛለች፣ እያለቀሰች ትመጥጣለች። ልሮጥ ስል ሳጅኗ እጇን ዘረጋች። «ቆይ ጋሼ። ልጅቷ ምን ለብሳለች?» ነጭ ቀሚስ። «ጥልፉስ?» አረንጓዴ። «ጫማዋስ?» ጫማዋን አላስታወስኩም። ደብተሩን አየች፣ ከዚያ አዞረችና አሳየችኝ። «ሴት፣ 5 ዓመት ገደማ፣ ነጭ ቀሚስ አረንጓዴ ጥልፍ፣ የግራ እግር ጫማ የለም፣ ከቀኑ 9፡20፣ አንድ ዲያቆን ያመጣት፣ አያቴ ብስክሌት ይሠራል ትላለች።» ልጅቷ ያኔ አይታኝ እየሮጠች መጥታ እግሬ ላይ ተጠመጠመች። ነገሩ አለቀ ብዬ ላነሳት ጎንበስ ስል ሳጅኗ አሁንም አልለቀቀችኝም። መታወቂያዬን ጠየቀች፣ ቁጥሩን ገለበጠች፣ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለችኝ። ልጅ በአንድ እጄ አቅፌ በሌላው ፈረምኩ። ፊርማዬ የዶሮ ጭረት ሆነ።

ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ልጅቷ «አያቴ» እያለች ተጠምጥማብኝ ምን ፊርማ ያስፈልጋል አልኩ በሆዴ። መንገድ ላይ ነው የገባኝ። ያቺ ሳጅን ያን ቀን ሳትጽፍ ልጅ ለማንም አትሰጥም ማለት ነው። ለኔም አትሰጥም፣ ነጠላ ለብሶ «አጎቷ ነኝ» ለሚል ለሌላውም አትሰጥም። መዝገብ አልነበራትም። ቢሮ አልነበራትም። ስብሰባም ነበረባት ይሆናል። የራሷን ልጅ ደብተር ሳይሆን አይቀርም ይዛ የወጣችው፤ ሽፋኑ ላይ የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ይላል። ማዕረጓን ጻፍኩ እንጂ ስሟን አላውቀውም። ካነበበችው ጎማዋ በነፃ ነው።

እንግዲህ የምለምነው ይሄንን ነው። ያን ደብተር ወደ ጣቢያው አስገቡት። ሰው ሲመጣ፣ ነገሩ ቢረባም ባይረባም፣ እዚያው ፊቱ ጻፉ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሩ፤ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ስጡት፣ ነገ ሌላ ተረኛ ሲያገኝ ከአዳም ከሔዋን እንዳይጀምር። ሰው ይዛችሁ ስትገቡ ደግሞ ከቀበቶውና ከስልኩ በፊት ሰዓቱን ጻፉ፤ የጠዋቱን ሰዓት ሳይሆን ያን ሰዓት። እናቱ ከጠየቀች አሳዩዋት።

የኔን ድርሻ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ሰሞኑን ማታ ማታ ብስክሌቶቼን እየገለበጥኩ፣ ጭቃውን በቢላ እየፋቅኩ፣ የፍሬም ቁጥራቸውን ሳሰፍር ሰንብቻለሁ። የኪራዮቹን ጨረስኩ፣ የቋሚ ደንበኞቼንም ጀመርኩ። እስካሁን ሃያ ሦስት ብስክሌት። አንዱ ቁጥሩ ስለተፋቀ «ጠማማ ብየዳ» ብዬ ጽፌዋለሁ፣ የቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዝርዝሩን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ወደዚያው ጣቢያ እመጣለሁ። አግዳሚውን አውቀዋለሁ፣ አሳዩኝ አልልም። ወረቀቱ መድረሱን መዝግባችሁ ቁጥር እንድትሰጡኝ ነው የምፈልገው። መዝገቡ ተቆልፎ ከሆነ ቁልፉ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፣ ሱቁን ለልጄ አደራ ብያለሁ። ሁለት እስክሪብቶም ይዤ እመጣለሁ። ሰማያዊ ናቸው።

አክባሪያችሁ፣
ብስክሌት ጠጋኙ፣ ከጊዮርጊስ አካባቢ፣ ባሕር ዳር